ረጃጅም ዘረመሎችን በቫይረስ ተሸካሚነት ወደ ሕያው አካል ማድረስ፦ ምንነቱ፣ ስልቶቹና ጥንቃቄዎቹ

የሰውም ሆነ የእንስሳት አካል ሥራውን የሚያከናውነው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በሚገኘው ዲኤንኤ ላይ በሰፈረው መመሪያ መሠረት መሆኑ ይታወቃል። ዘረመል (ጂን) የዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሮቲን የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ይይዛል። ዘረመሉ ከተበላሸ ፕሮቲኑ ይጎድላል ወይም ተግባሩን መፈጸም ይሳነዋል። በዚህ ምክንያት የሚከሰቱ በሽታዎች በርካታ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጡንቻን ያመነምናሉ፣ ሌሎቹ የማየት ወይም የመስማት ችሎታን ያሳጣሉ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉም አሉ።

የዘረመል ሕክምና ዋና ሐሳብ የተበላሸውን ዘረመል ጤናማ ቅጂ ወደ ታማሚው ሕዋሳት ማስገባት ነው። ይህንን ቅጂ ለማጓጓዝ በስፋት ጥቅም ላይ የሚውሉት በሽታ የማስተላለፍ አቅማቸው የተወገደ ቫይረሶች ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ቫይረስ ሊይዝ የሚችለው የዲኤንኤ ርዝመት ውስን በመሆኑ፣ ለአንዳንድ በሽታዎች ሕክምናው ሲደርስ ለሌሎች ዘግይቷል። መንስኤው ዘረመል ከብዙ ዓመታት በፊት የታወቀ በሽታ እንኳ ዘረመሉ ለተሸካሚው ስለሚረዝም ብቻ ሕክምናው ሲጓተት ይታያል። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን እንደሚመነጭ፣ ተመራማሪዎች በምን ስልቶች እየፈቱት እንደሚገኙ እና እያንዳንዱ ስልት ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያብራራል።

ቫይረስ ተሸካሚ የሚሆነው እንዴት ነው?

ቫይረስ በራሱ መራባት አይችልም። ወደ ሕያው ሕዋስ ገብቶ የራሱን የዘረመል መመሪያ በማስረከብ ሕዋሱ አዳዲስ ቫይረሶችን እንዲያመርት ያደርጋል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ የመግባትና የማስረከብ ችሎታ ነው። በመጀመሪያ ቫይረሱ የሚራባባቸው ዘረመሎች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ እንዲወጡ ይደረጋል፤ በቦታቸውም ለሕክምና የተፈለገው ዘረመል፣ ከሚያስጀምረውና ከሚያስቆመው የዲኤንኤ ክፍል ጋር ይተካል። የቫይረሱ የፕሮቲን ቅርፊት በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ ተመርቶ አዲሱ ዲኤንኤ እንዲታሸግበት ከተደረገ በኋላ፣ ውጤቱ ተጣርቶ በመርፌ ወይም በሌላ መንገድ ለታካሚው ይሰጣል።

እንዲህ የተዘጋጀው ቫይረስ ተሸካሚ ወይም ቬክተር ይባላል። ወደ የትኛው የአካል ክፍል እንደሚያመራ የሚወስነው በአብዛኛው የቅርፊቱ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ወደ ጉበት፣ አንዳንዱ ወደ ጡንቻ፣ ሌላው ወደ ነርቭ ሕዋሳት በቀላሉ ይገባል። ለዓይንና ለውስጥ ጆሮ ግን ተሸካሚውን በቀጥታ በቦታው መስጠት ይመረጣል፤ ቦታው ጠባብ በመሆኑ አነስተኛ መጠን ይበቃል፣ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚዛመተውም ጥቂት ነው።

የመጫን አቅም ልዩነት

የዲኤንኤ ርዝመት የሚለካው በተደረደሩት «ፊደላት» ቁጥር ነው። በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና ተሸካሚዎች አቅም የሚከተለውን ይመስላል፦

• አዴኖ-አሶሺዬትድ ቫይረስ (በአጭሩ ኤኤቪ)፦ ስፋቱ 25 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ እጅግ ትንሽ ቫይረስ ሲሆን፣ የሚይዘው ወደ 4,700 ፊደላት ብቻ ነው። በሰው ላይ የታወቀ በሽታ ስለማያስከትል በሕያው አካል ላይ በሚደረግ የዘረመል ሕክምና ቀዳሚ ተመራጭ ሆኗል።

• ሌንቲ ቫይረስ፦ ከኤች.አይ.ቪ. ቤተሰብ የተገኘ ሲሆን፣ ወደ 8,000 ፊደላት ይይዛል። የተሸከመውን በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ በቋሚነት ስለሚተክል በአብዛኛው ጥቅም ላይ የሚውለው ከአካል ውጭ በወጡ የደም ሕዋሳት ላይ ነው።

• አዴኖ ቫይረስ፦ ጉንፋን መሰል ሕመም ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። ጥቂት ዘረመሎቹ ብቻ ሲወጡለት ወደ 8,000፣ የራሱ ዘረመሎች በሙሉ ሲወጡለት ደግሞ እስከ 36,000 የሚደርሱ ፊደላት ይይዛል።

• የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ፦ በተለምዶ «ምች» የሚባለውን የከንፈር ቁስል የሚያስከትለው ነው። የራሱ መመሪያ 152,000 ፊደላት ያህል ስለሚረዝም፣ በመርህ ደረጃ ከ100,000 በላይ የሚሆን ዲኤንኤ መሸከም ይችላል።

• የፈንጣጣ ክትባት ቫይረስ (ቫክሲኒያ)፦ ከራሱ መመሪያ ጋር ተጨማሪ 25,000 ፊደላት መያዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1983 ተረጋግጧል።

ከላይ የተጠቀሱት አኃዞች ከበሽታዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ችግሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ ዓይነት የዓይን ብርሃን መጥፋት የሚያስከትለው አር.ፒ.ኢ.65 የተባለው ዘረመል የፕሮቲን መመሪያ 1,600 ፊደላት ገደማ ነው። በመሆኑም በኤኤቪ በቀላሉ ተጭኖ በዚህ እክል የተነሳ በተፈጥሮ ማየት ለተሳናቸው ውሾች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናትም ውሾቹ የማየት ችሎታ ማግኘታቸውን አሳየ። ይኸው ሕክምና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በአሜሪካ ለሰዎች ተፈቅዷል። በአንጻሩ ስታርጋርት ለተባለው ሌላ የዓይን በሽታ መንስኤ የሆነው ዘረመል የፕሮቲን መመሪያ 6,800 ፊደላት ያህል ስለሆነ በአንድ ኤኤቪ ሊጫን አልቻለም። ከአቅም በላይ የሆነ ዲኤንኤ በግድ ሲታሸግ ደግሞ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል፤ ሕዋሳቱ የሚደርሳቸውም ጎዶሎ መመሪያ ይሆናል።

አንደኛው ስልት፦ ዘረመሉን ማሳጠር

የዱሼን ጡንቻ መመንመን በሽታ በዚህ ረገድ ጉልህ ምሳሌ ነው። በሽታው ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚከሰት ሲሆን፣ ልጆቹ በአብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ መራመድ ያቆማሉ፤ በኋላም የልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎቻቸው ይዳከማሉ። መንስኤው ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን መጥፋት ነው። የዲስትሮፊን ዘረመል ወደ 2.2 ሚሊዮን ፊደላት የሚረዝም ሲሆን፣ በሰው ልጅ ከሚታወቁት እጅግ ረጃጅም ዘረመሎች አንዱ ነው። ለፕሮቲን ሥራ በቀጥታ የማያገለግሉት ክፍሎች ተወግደው እንኳ ወደ 11,000 ፊደላት ይቀራሉ፤ ይህም ከኤኤቪ አቅም ከእጥፍ በላይ ነው።

ለመፍትሔው ፍንጭ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነ ጥናት ነበር። ጥናቱ የዲስትሮፊን መመሪያው 46 በመቶ የጎደለበት፣ ሆኖም በ61 ዓመቱ መራመድ ይችል የነበረ ታካሚ ሁኔታን ገልጿል። ከዚህ በመነሳት የፕሮቲኑን ሁለት ጫፎችና ጥቂት አስፈላጊ ክፍሎች ብቻ ያስቀረ፣ ከሙሉው ሲሶ ያህል የሆነ «ማይክሮ ዲስትሮፊን» ተዘጋጅቶ በአይጦችና በውሾች ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በኤኤቪ የሚሰጥ አንድ የማይክሮ ዲስትሮፊን ሕክምና በአሜሪካ ከ4 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ውጤት የተቀመጠለትን ዋና መመዘኛ አላሟላም። አጭሩ ፕሮቲን የረጅሙን ሥራ ምን ያህል እና ለምን ያህል ጊዜ ተክቶ መሥራት ይችላል የሚለው ጥያቄ አሁንም በክትትል ላይ ያለ ነው።

የማሳጠር ስልት በሄሞፊሊያ «ኤ» ላይም ተግባራዊ ሆኗል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው 8ኛው ፋክተር መመሪያ 7,000 ፊደላት ያህል ቢሆንም፣ መካከለኛው ክፍሉ ቢወጣ ፕሮቲኑ ሥራውን አያቆምም። ይህ ክፍል ተወግዶ ወደ 4,400 ፊደላት በመውረዱ በኤኤቪ ሊጫን ችሏል፤ ሕክምናውም እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ፣ በ2023 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል።

ሁለተኛው ስልት፦ ከፋፍሎ መላክ

አንዳንድ ፕሮቲኖች ክፍላቸው ሲቀነስ ሥራቸውን ያቆማሉ። ለእነዚህ የተመረጠው መንገድ ዘረመሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ተሸካሚዎች መላክ እና በሕዋሱ ውስጥ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ግንኙነቱ በተለያዩ መንገዶች ይከናወናል። በአንደኛው መንገድ ሁለቱ ቁራጮች የሚጋሩት ተመሳሳይ የዲኤንኤ ክፍል እንዲኖራቸው ይደረግና ሕዋሱ በራሱ የዲኤንኤ ጥገና ሥርዓት ያገጣጥማቸዋል። በሌላኛው መንገድ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ግማሽ ፕሮቲን ይሠራል፤ በግማሾቹ ጫፍ ላይ የተቀጠሉ ኢንቲን የተባሉ ትናንሽ ክፍሎችም ሁለቱን አገናኝተው ራሳቸውን ቆርጠው ያስወግዳሉ።

የዚህ ስልት ተስፋ ሰጪ ውጤት የታየው በመስማት ችግር ላይ ነው። ኦቶፈርሊን የተባለው ፕሮቲን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ድምፅን ወደ ነርቭ እንዲያስተላልፉ የሚያስችል ሲሆን፣ መመሪያው ወደ 6,000 ፊደላት ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተሙ ጥናቶች ዘረመሉን በሁለት ኤኤቪ ከፍሎ በመስጠት መስማት የተሳናቸው አይጦች የመስማት ችሎታ እንዲያገኙ ማድረግ መቻሉን አሳይተዋል። በቻይና ሻንጋይ ከተማ በፉዳን ዩኒቨርሲቲ የዓይን፣ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ይፋ የሆነው ሙከራ ደግሞ ሕክምናው ከተሰጣቸው 6 ሕፃናት መካከል 5ቱ መስማት መጀመራቸውን አስታውቋል።

ዲስትሮፊንን ሳያሳጥሩ ለማድረስም ተመሳሳይ ጥረት እየተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት የኢንቲን ዘዴን በመጠቀም ከማይክሮ ዲስትሮፊን የረዘሙ የዲስትሮፊን ዓይነቶችን በበሽታው በተያዙ አይጦች ጡንቻ ውስጥ ማምረት ተችሏል።

የከፋፍሎ መላክ ስልት ጉልህ ውስንነት አለው። ፕሮቲኑ የሚሟላው ሁሉም ቁራጮች ወደ አንድ ሕዋስ ሲገቡ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ የገባበት ሕዋስ ጥቅም አያገኝም። የመገናኘት ዕድሉን ለመጨመር የሚሰጠውን የተሸካሚ መጠን ማብዛት ያስፈልጋል። ጠባብ በሆነው የውስጥ ጆሮ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ መላ ሰውነት ላይ ለተሰራጨ ጡንቻ ግን ከፍተኛ ጫና ይፈጥራል።

ሦስተኛው ስልት፦ ሰፊ ተሸካሚ መምረጥ

ዘረመሉን ሳይነኩ በሰፊ ቫይረስ መጫንም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተሙ ሥራዎች የራሱ ዘረመሎች በሙሉ የወጡለት አዴኖ ቫይረስ 28,000 ፊደላት የሚሆን ዲኤንኤ ከሙሉ የዲስትሮፊን መመሪያ ጋር መሸከም እንደሚችል እና ሙሉው ፕሮቲን በአይጥ ጡንቻ ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ነገር ግን አዴኖ ቫይረስ የሰውነትን የበሽታ መከላከል ሥርዓት በኃይል የሚቀሰቅስ በመሆኑ በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ለመስጠት አስቸጋሪ ሆኗል።

የሄርፒስ ቫይረስ በቅርቡ ተጨባጭ ውጤት አስገኝቷል። ቆዳ በትንሽ ንክኪ እየተላጠ የሚቆስልበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ መንስኤው የ7ኛው ዓይነት ኮላጅን ዘረመል መበላሸት ሲሆን፣ የፕሮቲን መመሪያው ወደ 9,000 ፊደላት ነው። ይህንን ዘረመል ሳያሳጥርና ሳይከፋፍል፣ እንዲያውም በሁለት ቅጂ የሚሸከም የተለወጠ የሄርፒስ ቫይረስ ቁስል ላይ በሚቀባ መልክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። መድኃኒቱ የሚቀባው በቀጥታ ቁስሉ ላይ በመሆኑ በየጊዜው ደጋግሞ መስጠት ተችሏል።

የእንስሳት ጤናና የቫይረስ ተሸካሚዎች

ሰፊ ተሸካሚዎች ለክትባትም ያገለግላሉ። በዚህ ረገድ ትውልደ ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ ተጠቃሽ ናቸው። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ ባደረጉት ጥናት የከብት ደስታ በሽታ ቫይረስን ዘረመሎች በቫክሲኒያ ላይ በመጫን ከብቶችን ከበሽታው መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። የደስታ በሽታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ ለ«ክፉ ቀን» ረሃብ ምክንያት ከሆኑት አንዱ እንደነበር የሚታወስ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የተገለጸው በተለመደው የተዳከመ ሕያው ክትባት ነበር፤ የቫክሲኒያው ሥራ ግን አንድ ቫይረስ ለሌላው በሽታ መከላከያ ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል በትልልቅ እንስሳት ላይ ካረጋገጡት ቀዳሚዎች መካከል ነው።

በተመሳሳይ መንገድ የእብድ ውሻ በሽታ ዘረመል የተጫነበት ቫክሲኒያ በምግብ ውስጥ ተደርጎ ለዱር ቀበሮዎች በመበተኑ ቤልጂየምና ፈረንሳይ በሽታውን ከቀበሮዎች ለማጥፋት ባደረጉት ጥረት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ የበግና ፍየል ፈንጣጣ ክትባት ቫይረስ ላይ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ዘረመል በመጫን ፍየሎችን በአንድ ክትባት ከሁለቱም በሽታዎች መከላከል እንደሚቻል አመልክቷል። ሁለቱም በሽታዎች በኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢዎች ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱ በመሆናቸው እንዲህ ያለው ምርምር ለአገሪቱ ቀጥተኛ ፋይዳ አለው።

በሰው ክትባት በኩልም ቴክኖሎጂው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ በአገሪቱ የተሰጠው የአስትራዜኔካ የኮቪድ-19 ክትባት መራባት በማይችል አዴኖ ቫይረስ ላይ የተጫነ 3,800 ፊደላት ገደማ የሚሆን የኮሮና ቫይረስ ዘረመል የያዘ ነበር።

የደህንነት ጥያቄዎች

የቫይረስ ተሸካሚዎች ታሪክ ከባድ ትምህርት የተቀሰመባቸው ክስተቶችም አሉት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በአዴኖ ቫይረስ የተጫነ ዘረመል ከተሰጠው ከአራት ቀናት በኋላ በተፈጠረ ኃይለኛ የሰውነት ምላሽ ሕይወቱ አልፏል። በፈረንሳይ በተካሄደ ሌላ ሙከራ ከባድ የበሽታ መከላከል እጥረት የነበረባቸው ሕፃናት በሕክምናው ቢሻላቸውም፣ ተሸካሚው ዲኤንኤውን ተገቢ ባልሆነ ቦታ በመትከሉ አንዳንዶቹ በደም ካንሰር ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የማይክሮ ዲስትሮፊን ሕክምና የወሰዱና መራመድ የማይችሉ ሁለት ታካሚዎች በድንገተኛ የጉበት መድከም ሕይወታቸው በማለፉ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ለሚገኙ ታካሚዎች መስጠቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል።

የመጠን ጉዳይ ከደህንነት ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ጡንቻ ሁሉ ለመድረስ በደም ሥር የሚሰጠው ኤኤቪ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ100 ትሪሊዮን በላይ የቫይረስ ቅንጣቶች ይሆናል። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ የተሳካ መጠን 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ታዳጊ ሲሰላ 2,000 እጥፍ ይሆናል፤ ይህንን ሁሉ ከሚያስተናግዱት የአካል ክፍሎች ዋነኛው ደግሞ ጉበት ነው። በመሆኑም በአይጥ ላይ የታየ ስኬት ብቻውን ለሰው ማረጋገጫ አይሆንም፤ እንደ ውሻና ዝንጀሮ ባሉ ትልልቅ እንስሳት ላይ የሚደረግ ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሌሎች ሁለት ነጥቦችም መታወቅ አለባቸው። ብዙ ሰዎች በተፈጥሮ ለቫይረሶቹ ስለተጋለጡ አስቀድሞ ፀረ እንግዳ አካላት ይኖሯቸዋል፤ ይህም ሕክምናውን እንዳያገኙ ሊያደርጋቸው ይችላል። አንድ ጊዜ ኤኤቪ በደም ሥሩ የወሰደ ታካሚም ተመሳሳይ ምላሽ ስለሚያዳብር በድጋሚ ለመውሰድ ይቸገራል። በተጨማሪም በኤኤቪ የገባው ዲኤንኤ በአብዛኛው ከሕዋሱ ዲኤንኤ ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ በሚባዙ ሕዋሳት ውስጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል።

ኅብረተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኢትዮጵያ ልውጠ ሕያዋንን የሚመለከቱ ሥራዎች በደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 896/2007 የሚመሩ ሲሆን፣ መድኃኒትና ክትባትን የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ስለ አዳዲስ ሕክምናዎች በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ገጾች መስማታቸው የተለመደ ሆኗል። የአንዳንዶቹ ሕክምናዎች ዋጋ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ለዱሼን በሽታ የተፈቀደው ሕክምና ወደ ገበያ ሲገባ የተተመነለት 3.2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ስለሆነም ማንኛውም ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለሐኪም ማቅረብ ይመከራል፦

• የልጁ በሽታ መንስኤ የሆነው ዘረመል በምርመራ ተለይቷል ወይ?
• የሚሰጠው ዘረመል ሙሉ ነው፣ ያጠረ ነው ወይስ የተከፋፈለ?
• ውጤቱ የታየው በአይጦች፣ በትልልቅ እንስሳት ወይስ በሰዎች ላይ ነው? በስንት ሰዎችና ለምን ያህል ጊዜ?
• የሚሰጠው በደም ሥር ነው ወይስ በአንድ የአካል ክፍል ብቻ? የጉበት ክትትልስ እንዴት ይደረጋል?
• ሕክምናው የአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ያለው ነው ወይስ በሙከራ ላይ ያለ?

እነዚህን ጥያቄዎች በግልጽ መመለስ የማይችል ወይም ሙከራ ላይ ላለ ሕክምና ከታካሚው ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቅ አቅራቢ ሲያጋጥም ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው።

ለማጠቃለል፣ ረጅም ዘረመልን ወደ ሕያው አካል ለማድረስ ማሳጠር፣ ከፋፍሎ መላክና ሰፊ ተሸካሚ መምረጥ እያንዳንዳቸው ተጨባጭ ውጤት ያስገኙ ስልቶች ናቸው። የትኛው እንደሚመረጥ የሚወሰነው በዘረመሉ ርዝመት፣ በሚታከመው የአካል ክፍል እና በታካሚው የጤና ሁኔታ ነው። በዓይን፣ በጆሮና በቆዳ ላይ የታዩት ውጤቶች ተሸካሚው በውስን ቦታ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ረጃጅም ዘረመሎችንም ማድረስ እንደሚቻል ያመለክታሉ። መላ ሰውነትን ለሚያጠቁ እንደ ዱሼን ላሉ በሽታዎች ግን ሙሉውን ዘረመል በዝቅተኛ መጠንና በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያደርስ ተሸካሚ ማግኘት የዘርፉ ቀሪ ሥራ ነው።